አብሾና የቃል ትምህርት

ማተሚያ ቤት ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት፣ ከገባም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ የሊቃውንቱ ቤተ መጻሕፍት የገዛ ልቡናቸው ነበር። ድጓውን ከነዜማው፣ መጽሐፉን ከነትርጓሜው፣ የቀደሙ መምህራንን ቅኔ ከነባለቤቱ ስም በቃሉ የያዘ ሰው በአገሩ ይከበር ነበር፤ ብራናው ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ፣ ምስጥ ቢበላው እርሱ ይተካዋልና። የአንዱ ሰው ማስታወስ የብዙኃኑ ንብረት ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል የከበረ ነገር ምንጩ መጠየቁ አይቀርም። «ይህ ሰው ይህን ሁሉ በምን ያዘው?» የሚለው ጥያቄ በየደብሩና በየገበያው ሲነሣ ኖሯል። ከመልሶቹ ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ የገነነው ግን አንድ ነው፦ አብሾ ጠጥቶ ነው።

አብሾ የአእምሮ መክፈቻ መጠጥ ነው ይባላል። የጠጣው ተማሪ አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም፣ ቅኔው እንደ ምንጭ ይፈልቅለታል፣ ጓደኞቹ በዓመት የሚይዙትን እርሱ በወር ይዘልቀዋል ተብሎ ይታመናል። ከዚሁ ጋር ሌላም ነገር ይነገራል። መጠኑን ያላወቀ፣ ሥርዓቱን ያልጠበቀ ጠጪ ያብዳል፤ ቢተርፍም ዕድሜውን ሙሉ ጠላና አረቄ አይስማማውም። በከተማ ሳይቀር ጥቂት ቀምሶ የሚረብሽ ሰው «አብሾ አለበት» ይባላል። እንግዲህ በሕዝቡ እምነት አንዱ ጽዋ ሊቅነትንም እብደትንም ይሰጣል።

የአብሾ ቅመም ከቦታ ቦታ፣ ከአዋቂ አዋቂ ይለያያል፤ አዋቂውም ምሥጢሩን አይገልጥም። ይሁን እንጂ ስሙ ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ተክል አንድ ነው። በአማርኛ አስተናግር ወይም አጠፋሪስ፣ በትግርኛ መስተናግር ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞንየም ነው። ይህ ተክል መሬት አይመርጥም። በቆሻሻ መጣያ፣ በበረት ዳር፣ በፈረሰ ቤት ፍራሽ፣ በመንገድ ዳርቻ ይበቅላል። አበባው እንደ መለከት የረዘመ ነጭ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ነው። ፍሬው እሾኻማ ሆኖ ሲደርቅ በአራት ይሰነጠቃል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል። አስተናግር ማለት የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ጠጪውን በዓይኑ አይቶ እንዳወጣው አያጠራጥርም።

አጠፋሪስ የሚለው ስም ዕፀ ፋርስ ከሚለው የመጣ ይመስላል፤ ዕፀ ፋርስ የሚለው ደግሞ በአንዳንዱ ሰው አንደበት ለሐሺሽም ይነገራል። ስሙ ወደ ፋርስ ቢያመለክትም የዕፅዋት ሊቃውንት የተክሉ መነሻ አሜሪካ እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ ከሆነ ተክሉ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የበቀለው ካለፉት 500 ዓመታት ወዲህ ነው። ጥንታዊ የሚባለው ልማድ አንድ ቀን አዲስ ነበር፤ አንድ ሰው የማያውቀውን ተክል አይቶ፣ ነቅሎ፣ ሞክሮ፣ ለሌላው ነገረ። በሰው ሙከራ የተጀመረ ነገር ደግሞ በሰው ሙከራ ቢመረመር አባቶችን መድፈር አይሆንም።

በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያደጉ፣ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ መሪጌታ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸው ከዘራ ይፈልጋል፤ ልቡናቸው ግን እንደ ወጣትነታቸው ነው። ከ60 ዓመት በፊት የሰሙትን ቅኔ ማን እንደተቀኘው፣ በየትኛው በዓል እንደተባለ፣ መምህሩ የትኛውን ቃል እንዳረሙበት ሳይቀር ይናገራሉ። የሰፈሩ ሰው በአድናቆት ይሰማቸውና ከተለዩ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሾ አለባቸው» ይላል። መሪጌታው ይህን ወሬ ያውቁታል። ሌላው ሲስቅ እርሳቸው የማይስቁበት ምክንያት አላቸው።

ልጅ ሳሉ ከአንድ መንደር ጓደኛቸው ጋር ለትምህርት ወጡ። ለምዳቸውን ለብሰው፣ አኮፋዳቸውን አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ እየለመኑ፣ ከውሻ እየታገሉ፣ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ለሁለት ሠርተው ይማሩ ነበር። ጓደኛየው ምሥጢር የሚገባው፣ ሰምና ወርቁን ቶሎ የሚያገኝ ልጅ ነበር፤ ቃል ግን አይጸናለትም። ማታ የያዘው ጠዋት ይጠፋዋል። በዚያ ዓመት ወባ ይዞት ሰንብቶ ስለነበር ሰውነቱም ደክሟል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ሊቅ ሆኖ እንዲመለስ ይጠብቃል። ባዶ እጁን ቢመለስ የሚጠብቀው የመንደሩ ሹክሹክታ ነው። ከታላላቆቹ ተማሪዎች አንዱ ይህን አይቶ መድኃኒት አውቃለሁ አለው። ልጁም ለማንም ሳይነግር ጠጣ።

ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ገላው እንደ ምጣድ ግሎ፣ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር ሲለቅም አደረ። በዚያ ያልነበረችውን እናቱን ያነጋግራት ነበር፤ አጠገቡ የነበረውን ጓደኛውን ግን አላወቀውም። ሊነጋጋ ሲል ከጎጆው ወጥቶ በጨለማው ሮጠ። ሲነጋ ከገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ከፊሉ ዛር ጠርቶት ነው አለ፤ ከፊሉም ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ጠጥቶ ነው አለ። ጽዋውን የሰጠውን ሰው የጠየቀው የለም። ስለ ጽዋው ራሱ የጠየቀም የለም።

የአስተናግር ቅጠል፣ ሥርና ዘር አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። በሰው አንጎልና ነርቭ ውስጥ አሴታይልኮሊን የሚባል መልእክት አመላላሽ አለ፤ ሰው አዲስ ነገር ሲማርና ሲይዝ ከሚሠሩት ዋነኞቹ አንዱ ይህ ነው። የአስተናግር ንጥረ ነገሮች የዚህን መልእክት መቀበያ በር ይዘጋሉ። በሩ ሲዘጋ ምራቅ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ የልብ ትርታ ይፈጥናል፣ ገላ ይግላል፣ የሌለ ነገር ይታያል። ትዝታም አይቀረጽም፤ ከመመረዙ የዳነ ሰው በዚያ ሰዓት ከሆነው አብዛኛውን አያስታውስም። የመርዙ ኃይል ከተክል ተክል፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ትናንት ያልገደለው መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለጤናማ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው የማስታወስ ችሎታቸውን መዘኑ። ወጣቶቹ ያሳዩት ድክመት መድኃኒቱን ባልወሰዱ አረጋውያን ላይ ከሚታየው ድክመት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ስኮፖላሚን የመርሳት መፍጠሪያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። አዲስ የማስታወሻ መድኃኒት የሚፈትሽ ተመራማሪ አስቀድሞ በስኮፖላሚን እንስሳውን ወይም ሰውን ለጊዜው ያስረሳል፤ ከዚያም መድኃኒቱ ያንን መርሳት ይመልስ እንደሆነ ያያል። እንግዲህ የቅኔ ቤቱ ልጅ ልቡናውን ይከፍትልኛል ብሎ የጠጣው ነገር፣ ሳይንስ ልቡናን ለመዝጋት የመረጠው ነገር ነው።

ታዲያ እምነቱ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ኖረ? አንደኛ፣ የሚቆጠሩት የተሳካላቸው ናቸው። ከጠጡት መካከል በተፈጥሮውና በትጋቱ ሊቅ የሆነ አንድ ሰው ቢኖር ሊቅነቱ ለጽዋው ይሰጣል፤ ከገደል የወደቁት ግን አይነሡም። ሁለተኛ፣ ጽዋው የሚከሰስበት መንገድ የለም። ቢሠራ መድኃኒቱ ነው፤ ባይሠራ ጠጪው ሥርዓት ጥሷል። ሦስተኛው ምክንያት በተለይ ከያንያንን ይመለከታል። ሰው በቁሙ የሚያልምበት፣ ቃላት ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ የሚጎርፉበት ሁኔታ ከመንፈስ መነቃቃት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ባለቅኔ ሁሉ ጥቂት እብደት ይፈልጋል የሚል ሐሳብ ከቅኔ ቤት አልፎ በቲያትር ቤትም በመጠጥ ቤትም ሲነገር ይሰማል። ይህ ሐሳብ ብዙ ወጣት አርቲስት በልቷል። ለፍላፊነት ቅኔ አይደለም። ቅኔ ቃልን መምረጥ ነው፤ መምረጥ ደግሞ የነቃ አእምሮ ሥራ ነው።

የአብሾ ወሬ ትልቁ በደል ግን የድሃውን ተማሪ ድካም መስረቁ ነው። የቃል ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ የተመለከተ ሰው ሌላ ምሥጢር አይፈልግም። ሕፃኑ ፊደልን በመልክ ይለያል፤ አቡጊዳን ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ያገኘዋል፤ ስለዚህ በልማድ ብቻ ማለፍ አይችልም። ዳዊትን በንባብ ደጋግሞ እስከ ቃል ያደርሰዋል። በዜማ ቤት ቃል ከድምፅ ጋር ይታሰራል፤ ቃሉ ቢጠፋ ድምፁ ይጠራዋል። በአቋቋም ቤት ድምፁ ከመቋሚያና ከጸናጽል፣ ከእግር እርምጃ ጋር ይታሰራል፤ አካል ሁሉ ያስታውሳል። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ያስተማረም ሁለት ጊዜ ይማራል። ሌሊት መብራት በሌለበት ጎጆ የቀኑ ትምህርት በቃል ይከለሳል፤ ለቃል ትምህርት ጨለማ አያግደውም።

በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር ይገደዳል። ቀን በዱር በገደሉ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ በጉባኤው ፊት ለመምህሩ ያቀርባል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ በሰው ፊት የታረመ ስሕተት አይረሳም። መሪጌታው ልቡናቸው በምን እንደ ጸና ሲጠየቁ የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው፦ ድግግሞሽ፣ ዜማ፣ ጓደኛ፣ የየኔታ እርማት። አምስተኛ ቢጨምሩ ራብን ይጨምራሉ። ቁራሽ ለምኖ የተማረ ሰው የተማረውን አይጥልም ይላሉ።

እነዚያ የቃል ሊቃውንት ቢሆኑ ጽሑፍን የናቁ አልነበሩም። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይተረካል። በድጓው መስመር በላይ የሚታዩት እነዚያ ደቃቅ ፊደላት የማስታወሻ መሣሪያዎች ናቸው። ሊቃውንቱ ዜማው እንዳይጠፋ በፈሩ ጊዜ የፈለጉት ቅጠል ሳይሆን ምልክት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል የአገሪቱ ዕፅዋት ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ከደብተራው የምሥጢር ዕፅ ሌላ፣ በየጓሮው በእናቶች እጅ የሚለማ ሌላ የመድኃኒት ዓለም አለ። ጤናዳም፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ግራዋ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ ምሥጢር አይደሉም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይበጥሳል፣ ልጅ ከእናቱ ይማራል። በመጨረሻዋ ፊደል ድምፅ ብቻ ከአብሾ የሚለየው አብሽ እንኳ የዚህ ዓለም ነው፤ ተነክሮ፣ ተመትቶ፣ በማር ተበጥብጦ ለአራስና ለደካማ የሚሰጥ ምግብ ነው። አንዱ በአደባባይ ይጠጣል፤ ሌላው በጨለማ ይጠጣል። በአደባባይ የሚጠጣው በብዙ ሰው ዓይን ሲፈተን የኖረ ነው። እርሱም ቢሆን ወሰን አለው፤ ጤናዳም በብዛት ከተወሰደ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።

አንዲት አሮጊት ቡና አፍልተው በሲኒው ላይ የጤናዳም ቀንበጥ ጣል ሲያደርጉ ማየት የተለመደ ነው። ቀንበጡ ለጤና ነው ይባላል፤ ስሙም ከጤና እና ከአዳም የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቡና ዙሪያ የሚሆነውን ሁሉ አስተውሎ ማየት ያሻል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ አሮጊቷ የሚጠየቁ፣ የሚመክሩ፣ የሚቀልዱ፣ የሞቱትን የሚያነሡ፣ የተወለዱትን የሚመርቁ ሰው ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ስሙ በእርሳቸው ዘንድ ተመዝግቧል። ልቡናቸው ሥራ አልፈታም።

የዓለም ሕክምና ዛሬ ወደዚሁ እየተመለከተ ነው። ጊንኮ የሚባለው የቻይና ዛፍ ቅጠል ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ በየአገሩ ብዙ ተሽጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆነ 3,069 ሰዎችን ወደ ስድስት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ተከታትሎ ቅጠሉ የመርሳት በሽታን እንዳልቀነሰ አገኘ። በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። ከእነርሱ መካከል በልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የመስማትና የማየት መድከም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ የአልኮል ብዛት፣ እንቅስቃሴ ማጣትና ከሰው ተለይቶ መኖር ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ጉባኤው ገምቷል። ቅጠሉ የዘነጋው ነገር በሲኒው ዙሪያ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዕፅዋት ውስጥ እውነተኛ መድኃኒት የተገኘባቸውም አሉ፤ እንዴት እንደተገኙ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በናይጄሪያ የካላባር አካባቢ ሰዎች በጥንቆላ የተከሰሰን ሰው የሚፈትኑበት መርዛም ባቄላ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1864 ከዚህ ባቄላ ፊሶስቲግሚን ተለይቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በፕራግ ከተማ በአትሮፒን ለተመረዘ ሰው ማርከሻ ሆኖ ተሰጠ። ባቄላው አስተናግር የሚዘጋውን በር የሚከፍት ነው። በእርሱ አምሳያ የተሠራው ሪቫስቲግሚን ዛሬ ለመርሳት በሽታ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ የሶቪየት ኅብረትና የቡልጋሪያ ተመራማሪዎች ጋላንታሚን የሚባለውን መድኃኒት በበረዶ መካከል ከሚያብብ ትንሽ አበባ አገኙ። ሁለቱም በሽታውን አያድኑም፤ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ግን ጥቂት ጊዜ ይገዙለታል። የተገኙትም ሕዝብ የሚያውቀው ዕፅ ስሙ ተጠይቆ፣ ተመዝኖ፣ ጉዳቱ ሳይሸሸግ ስለተጻፈ ነው።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ባለቤት ናት። ኮሶን ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ገልጾታል፤ በ19ኛው መቶ ዘመንም ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ልብስ አጣቢዎቹ ለብዙ ዘመን የያዙት ዕውቀት የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ለመዋጋት የሚያገለግል መሆኑ ከዚያ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። በአደባባይ፣ በወንዝ ዳር፣ በእጥበት ቀን የሚታይ ስለሆነ ነው የታየው።

ምሥጢርነቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ በአዋቂዎቹ ስስት ብቻ አይቆምም። የዕፅ አዋቂውን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረው ኅብረተሰብ ራሱ ነው። ቀን ሰድቦ ሌሊት ደጁን ያንኳኳል። በመተት የሚጠረጠር ሰው ዕውቀቱን ቢሸሽግ አይደንቅም። ከዚህ ላይ ስሙ ሲነገር የዕፁ ኃይል ይጠፋል የሚለው እምነት ተጨመረ፤ አባት ለልጁ የሚነግረው በሞት አልጋ ላይ ሆነ። ሞት ደግሞ ሁልጊዜ ቀጠሮ አይሰጥም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የሸሸገውስ? በብራና ላይ የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍት እንኳ ብዙዎቹ በባለቤታቸው ሣጥን ሲቆዩ ኖረዋል፤ የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ባሳተማቸው ሥራዎች ብዙዎቹን ጽሑፎችና የዕፅዋት ስሞች ለምርምር አቅርቧል። የኢትዮጵያ ዕፅዋት መድበል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ የአገሪቱን ዕፅዋት ከነመልካቸው መዝግቧል። ተክሉ ተመዝግቧል፤ ስለ ተክሉ አረጋውያን የሚያውቁት ግን ብዙው ገና በቃል ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አርአያ አልጠፋም። መንግሥቱ ለማ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቃላቸው የነገሯቸውን ትዝታ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። አንድ አዛውንት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩትና የሰሙት የአገር ቅርስ ሆኖ የቀረው ልጃቸው ቁጭ ብለው ስለ ሰሙ ነው። መስማቱ ለተናጋሪውም ይበጃል፤ የሚሰማው ያለው አዛውንት ልቡናው አይዝግም።

መሪጌታውም በእርጅናቸው አንዲት ጠያቂ አግኝተዋል። የባዮሎጂ መምህርት የሆነች የልጅ ልጃቸው ስለ አብሾ ጠየቀቻቸው። ለረጅም ጊዜ አልመለሱላትም። የዝምታቸው ምክንያት ፍርሃት ነበር፤ ከተነገረ ሌላ ልጅ ይጠጣዋል ብለው ይፈራሉ። እርሷ ግን ጓደኛቸው የሞተው ነገሩ ስለተነገረው ሳይሆን ግማሹ ብቻ ስለተነገረው መሆኑን አስረዳቻቸው። ኃይሉን ነግረውት ነበር፤ መርዝነቱን ግን ማንም አልነገረውም። ይህ ከገባቸው በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ወጥተው በመንደሩ መጣያ ዳር የበቀለውን አስተናግር አሳዩአት። ቅጠሉንና አበባውን በጋዜጣ ወረቀት መካከል አድርጋ አደረቀችው፤ በጎኑ ስሙን በሁለት ቋንቋ፣ የበቀለበትን ቦታ፣ የሚያደርሰውን ጉዳት ጻፈች። የሚዘጋጅበትን አልጻፈችም፤ አላስፈለጋትምም። ዛሬ ያ ወረቀት በክፍሏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተማሪዎቿ ይማሩበታል። በዚያው ቀን መሪጌታው ሌላ ነገር አጽፈዋታል፦ ጓደኛቸው በሕይወት ሳለ በጉባኤ ያቀረበውን አንድ ጉባኤ ቃና። ከሞተ ጀምሮ ያን ቅኔ ከእርሳቸው በቀር የያዘው ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። መምህሩ ለተማሪዎቹ የዕረፍት ጊዜ ሥራ አድርጎ ሊሰጠው ይችላል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ አዛውንት አንድ ዕፅ፣ ስሙን፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱን ጠይቆ ይጻፍ። የባህል ሠራተኛው አዋቂውን ሳያንቋሽሽና ሳያመልክ ስሙን አስከብሮ ይመዝግብ። ተመራማሪው ውጤቱን ወደ መጣበት መንደር ይመልስ። ከያኒውም የሊቁን ጥበብ ለጽዋ መስጠቱን ትቶ በድካሙ ይቀኝለት። አዛውንቶቹ ዛሬ በየደጃቸው ተቀምጠዋል፤ የሚያውቁትን ለመናገር የሚጠብቁት የሚጠይቃቸውን ሰው ነው።